የባዮሴንሰር ፒኤችዲ ፍለጋ፦ ከኬሚስትሪ ለመጣ ሰው በር አለው?

ጣና ዳር፦

ሰላም ናችሁ? እስካሁን ዝም ብዬ አንባቢ ነበርኩ፣ ዛሬ ቸግሮኝ ነው የጻፍኩት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አናሊቲካል ኬሚስትሪ ማስተርሴን ከጨረስኩ 3 ዓመት ሆነኝ። አሁን ክልል ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ቴሲሴ ግላሲ ካርቦን ኤሌክትሮድን ፖሊመር አልብሶ ክኒን ውስጥ ያለ ፓራሲታሞል መለካት ነበር። አትሳቁ፣ ግማሻችሁ እሱኑ እንደሰራችሁ አውቃለሁ። አንድ ፐብሊኬሽን አለችኝ፣ ስሜ ሁለተኛ ላይ ነው።

ባዮሴንሰር (በኤንዛይም፣ በአንቲቦዲ ወይም በዲኤንኤ አንድን ነገር ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) ላይ ፒኤችዲ ልሰራ ፈልጌ ስምንት ወር ሙሉ ስባዝን ከረምኩ። ወደ 60 ለሚጠጉ ፕሮፌሰሮች ኢሜይል ልኬያለሁ። የመለሱልኝ 4 ናቸው። ሦስቱ ገንዘብ የለኝም አሉ፣ አንዱ መልካም ዕድል ብሎ ሸኘኝ። ሌላው ዝም። ማታ ማታ "ባዮሴንሰር ፒኤችዲ" ብዬ እፈልጋለሁ፣ ጠዋት ክፍል ገብቼ ስለ ታይትሬሽን አስተምራለሁ፣ ኑሮዬ ይኸው ነው።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ባዮሎጂ የተማርኩት 12ኛ ክፍል ላይ ነው፣ ይህ ነገር ያስጥለኛል ወይ? የት አገር ብሞክር ይሻላል? እዚሁ አገር ብሰራውስ ዕድሜዬን ማባከን ነው? ደግሞ ለማመልከቻ ክፍያ የሚሆን ዶላር ከየት ይመጣል? የሚያውቅ ሰው ቢመክረኝ ደስ ይለኛል።


በረዶ በግንቦት፦

ወንድሜ አይዞህ፣ እኔ 90 ልኬ ነው እዚህ የደረስኩት። ስዊድን ነኝ፣ ሦስተኛ ዓመት። እኔም የመጣሁት ከኬሚስትሪ ነው።

መጀመሪያ ፍለጋህን አስተካክል። "ባዮሴንሰር" የሚለው ቃል ርዕሱ ላይ ያለበት ማስታወቂያ ብዙም አታገኝም። የእኔ ማስታወቂያ ርዕስ ላይ ስለ ኢምፔዳንስና ስለ ፖሊመር ነበር የሚያወራው፣ ባዮሴንሰር መሆኑ የገባኝ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ነው። ባዮኤሌክትሮኒክስ፣ አፕታመር፣ ማይክሮፍሉይዲክስ፣ ፖይንት ኦፍ ኬር፣ ዌረብል ሴንሰር፣ ላተራል ፍሎው፣ በነዚህ ሁሉ ፈልግ። ዲፓርትመንቱም አንዴ ፊዚክስ፣ አንዴ ኤሌክትሪካል ምህንድስና፣ አንዴ ምግብ ሳይንስ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ሁለተኛው ስዊድን፣ ዴንማርክ፣ ኖርዌይ አካባቢ ፒኤችዲ ማለት ሥራ መቀጠር ነው። ደመወዝ አለው፣ የትምህርት ክፍያ የለውም፣ የማመልከቻ ክፍያም የለውም። እኛ ጋ ሰው የሚሳሳተው የማስተርሱን 900 ክሮነር አይቶ ለፒኤችዲም የሚከፈል ይመስለዋል። አይከፈልም። ማስታወቂያው የሚወጣው ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ፣ ክፍት የሥራ ቦታ የሚለው ስር ነው። ስለዚህ ለፕሮፌሰሩ "ስኮላርሺፕ አለህ ወይ" ብለህ ስትጽፍ ሰውየው የምታወራው ነገር አይገባውም። ቀጣሪ ነው እኮ። ሥራ እንደምትጠይቅ ጠይቀው።

ሦስተኛው የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሚሰጣቸውን የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ የዶክትሬት ኔትወርኮች አትለፋቸው። ዜግነት አይጠይቁም። የሚጠይቁት ባለፉት 36 ወራት ውስጥ በምትሄድበት አገር ከ12 ወር በላይ አለመኖርህን ነው። አንተ ደግሞ ከባሕር ዳር ወጥተህ አታውቅም መሰለኝ፣ ስለዚህ ለዚህ ብቻ ከቤልጅየም ልጅ ትበልጣለህ (ቤልጅየም ውስጥ ላለው ቦታ ማለቴ ነው)። ማስታወቂያዎቻቸው ዩራክሰስ በሚባለው የአውሮፓ የተመራማሪዎች ሥራ ድረ ገጽ ላይ ይወጣሉ። አንድ ኔትወርክ 10 ምናምን ቦታ በአንድ ጊዜ ሊያወጣ ይችላል፣ ከነዚያ ውስጥ ኤሌክትሮኬሚስት የሚፈልግ አንድ ሁለት አይጠፋም።

ባዮሎጂው አያስጥልህም። ኤሌክትሮድ በእጁ የለመደ ሰው አንቲቦዲ ማጣበቅ በሁለት ወር ይማራል። እኔ ላብ ውስጥ ያሉት ባዮሎጂስቶች ቮልታሞግራም (የቮልቴጅና የኮረንቲ ግራፍ) ሲበላሽባቸው እኔ ጋ ነው የሚሮጡት። ኤሌክትሮድ ማሸት እንኳ አይችሉም ነበር፣ አልሙና ላይ ስምንት ቁጥር እየሰራችሁ እሹት ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።


ፒፔት ያዥ፦

በረዶ ያለው ልክ ነው፣ ግን "እዚሁ ብሰራ ዕድሜ ማባከን ነው ወይ" ያልከውን ማንም ሳይመልስ እንዳያልፍ ብዬ ነው የገባሁት። አዲስ አበባ ነው የምሰራው፣ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

እውነቱን ልንገርህ። ሀሳብ አይጎድልህም፣ ኤሌክትሮኬሚስትሪ ላይ እኛ ጋ የቆየ ትምህርት አለ፣ አስተማሪዎቹም ጎበዞች ናቸው። የሚገድልህ ዕቃ ነው። አምና አንድ አንቲቦዲ ከውጭ አዘዝኩ። 100 ማይክሮሊትር፣ የጣት ጫፍ የማታክል ብልቃጥ ናት። ከበረዶ ጋር ታሽጋ መጣች። ከዚያ አንድ መጋዘን ውስጥ ወረቀት ስትጠብቅ 19 ቀን ተቀመጠች። እኔ በየቀኑ እሄዳለሁ፣ ነገ ና ይሉኛል። ስረከባት ካርቶኑ እርጥብ ነበር፣ በረዶው ድሮ ቀልጦ አልቋል። ሰውየው ፈርም አለኝ፣ ፈረምኩ። ላብ ወስጄ ሞከርኳት፣ ሙት ነች። የሆነ ሰው ይህን ሲያነብ "ለምን መልሰህ አላዘዝክም" ይላል። በምን ዶላር?

ከዚያ በኋላ ወደ አፕታመር ዞርኩ። አፕታመር እንደ አንቲቦዲ የሚፈለገውን ነገር ለይቶ የሚይዝ አጭር ክር ነው፣ የኔው ዲኤንኤ ስለሆነ ደርቆ ነው የሚመጣው፣ መንገድ ላይ ቢሞቅ ግድ የለውም። እንዲያውም ሳየው የቴሲሴ ግማሽ ምዕራፍ የተጻፈው በመጋዘኑ ምክንያት ነው። እዚህ ለሚሰራ ሰው ሙቀት የሚችል ሴንሰር መስራት ቅንጦት አይደለም፣ የጤና ጣቢያ ፍሪጅም መብራት ሲጠፋ ያው ነው።

ፖቴንሺዮስታት (ኤሌክትሮዱ ላይ ቮልቴጅ ሰጥቶ ኮረንቲውን የሚለካው መሣሪያ) ከሌለህ ደግሞ ተስፋ አትቁረጥ። እ.ኤ.አ. በ2011 ቺፕስታት የሚባል ንድፉ ለሁሉም ክፍት የሆነ መሣሪያ ታትሟል፣ የዕቃው ዋጋ ከ80 ዶላር በታች ነው። ኤሌክትሪካል የተማረ ጓደኛ ካለህ ብየዳውን እሱ ይሰራልሃል። ትልቁን መሣሪያ አይተካም፣ ግን ሳይክሊክ ቮልታሜትሪህን ያወጣልሃል።

እዚህ መጀመርና ውጭ መጨረስም ይቻላል። ሳንድዊች የሚባለው ማለት ነው። ዲግሪህ ከዚህ፣ የላብ ጊዜህ ግማሹ ከውጭ። በኡፕሳላው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፕሮግራም በኩል ስንት ኬሚስትና ፊዚሲስት በዚህ መንገድ ወጥቷል መሰለህ። አሁን ደግሞ የአፍሪካ አገሮች ራሳቸው የሚያዋጡበት ፓሴት የሚባል አለ፣ ኢትዮጵያ ከመስራቾቹ አንዷ ነች፣ አፍሪካ ውስጥ ባለ ዩኒቨርሲቲ ትመዘገብና የተወሰነ ጊዜ ከአህጉሩ ውጭ ባለ ላብ ትሰራለህ።

አንድ ጥያቄ ግን ልጠይቅህ። ምን ልትለካ ነው የምትፈልገው? ሙሉ ፖስትህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ የለበትም። "ባዮሴንሰር" ትላለህ፣ የምን?


ጣና ዳር፦

ፒፔት ያዥ ልክ ነህ፣ አልጻፍኩም። እውነት ለመናገር ኢሜይሎቼም ላይ የለም። "ለባዮሴንሰር ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ" ነው የሚሉት።

ውስጤ ያለው ወተት ነው። እናቴ ሁለት ላም አላት፣ ፋጉሎ ገዝታ ነው የምትመግባቸው። ስለ አፍላቶክሲን (ሻጋታ የሚያመርተው መርዝ) ካነበብኩ ጀምሮ ያቺን ወተት ባየሁ ቁጥር ይከነክነኛል። ግን ተራ ነገር ይመስላል ብዬ ተውኩት፣ ሁሉም ካንሰርና ኮቪድ ነው የሚጽፈው።


ፒፔት ያዥ፦

ተራ?! ወንድሜ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመውን የአዲስ አበባና አካባቢዋን የወተት ጥናት አላየህም? 110 የወተት ናሙና ነው የታየው። የአውሮፓን ገደብ ያላለፉት 9 ብቻ ናቸው። ሩቡ ደግሞ የአሜሪካንን ገደብ እንኳ አልፏል፣ የአሜሪካው ከአውሮፓው አሥር እጥፍ የላላ ሆኖ ማለት ነው። ዋናው ጥርጣሬም ያው የኑግ ፋጉሎ ላይ ነው ያረፈው። ላሟ ፋጉሎ ውስጥ ያለውን ቢ1 የሚባል አፍላቶክሲን ትበላለች፣ ጉበቷ ወደ ኤም1 ይለውጠዋል፣ ወተት ውስጥ ይወጣል፣ ሕፃን ይጠጣዋል። ወተት ብታፈላው አይጠፋም።

እናትህ ጋ ያለውን ችግር አንድ የኔዘርላንድ ልጅ ከወረቀት ነው የሚያውቀው። አንተ ሽታውን ታውቀዋለህ።

ሳይንሱም ቀልድ አይደለም። የስኳር መለኪያው ለምን ተሳካ? ደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ ብዙ ነው፣ በሊትር አንድ ግራም ገደማ። ኤንዛይሙም ጠንካራ ነው። ክላርክና ላየንስ የኤንዛይም ኤሌክትሮድ ሀሳብን እ.ኤ.አ. በ1962 አመጡት፣ በ1987 በእስክሪብቶ መጠን ገበያ ላይ ዋለ። እዚያም 25 ዓመት ፈጅቷል። የአንተ ኤም1 ደግሞ በአውሮፓ ገደብ በኪሎ 0.05 ማይክሮግራም ነው። አስላው፣ ከግሉኮሱ ወደ 20 ሚሊዮን ጊዜ ያንሳል። ያንን እንኳ በንጹህ ውሃ ውስጥ ሳይሆን ቅባትና ኬሲን በሞላበት ወተት ውስጥ ነው የምትፈልገው። ኤሌክትሮድህን ወተት ውስጥ ስትነክረው ፕሮቲኑ ይለጠፍበታል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የምትለካው ወተት አይደለም፣ አይብ ነው።

ሞለኪዩሉም ትንሽ ነው፣ ሁለት አንቲቦዲ በአንድ ጊዜ አይዙትም። ስለዚህ ሳንድዊች አይሰራም (ይኸኛው ሌላ ሳንድዊች ነው፣ ከፒኤችዲው ጋር አታምታታው)። በውድድር ነው የሚሰራው፣ መርዙና ምልክት የተደረገበት አምሳያው ለአንድ አንቲቦዲ ይሻማሉ። መርዙ ሲበዛ ሲግናሉ ይቀንሳል። ይህን አንድ አረፍተ ነገር ኢሜይል ላይ ብትጽፍ ሰውየው የሚያወራው ከማን ጋር እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።


ሰላም ባዮ፦

ወንዶቹ ሁሉ አውሮፓ አውሮፓ ስላላችሁ ነው የገባሁት። እኔ ኬፕታውን ነው የምማረው። ደቡብ አፍሪካ ላይ ኤሌክትሮኬሚካል ሴንሰር በጣም ይሰራል፣ የዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ ሴንሰርላብ አንዱ ነው፣ ስቴለንቦሽም አለ። ለእህቶቻችን ደግሞ ኦ.ደብሊው.ኤስ.ዲ. የሚባል የሴቶች ሳይንቲስቶች ድርጅት አለ፣ መቀመጫው ጣሊያን ትሪየስቴ ነው። ለኛ አይነት አገር ሴቶች የፒኤችዲ ፌሎሺፕ ይሰጣል፣ የምትማሪው ግን በሌላ ታዳጊ አገር ነው። ሙሉ ጊዜም ሳንድዊችም አለው። ስንት ጎበዝ ልጅ ሳታውቀው አለፋት መሰላችሁ። ጣና ዳር፣ አብራህ የምታስተምር ሴት ካለች ንገራት።

ባዮሎጂ የለኝም ላልከው፣ በረዶ በሁለት ወር ትማራለህ ያለው ትንሽ ተጋኗል፣ ይቅርታ በረዶ። አንቲቦዲ ማጣበቅ በሁለት ወር ይለመዳል። ለምን እንዳልሰራ ማወቅ ግን ዓመት ይፈጃል። እኔ በተቃራኒው ከባዮሎጂ ነው የመጣሁት፣ አንድ ወር ሙሉ የምፈልገው ፕሮቲን መስሎኝ የለካሁት ቢ.ኤስ.ኤ. (ባዶ ቦታ ለመሸፈን ራሴ የጨመርኩት ሌላ ፕሮቲን) ነበር። አሁን ካለህበት ሳትነሳ አንድ ነገር አድርግ። ኤላይዛ (በአንቲቦዲ የሚሰራ የላብ ምርመራ) ከሚሰሩ ሰዎች ጋር ሁለት ሳምንት ተቀመጥ። የእንስሳት ጤና ላብ ይሁን፣ የሆስፒታል ላብ ይሁን ግድ የለም። ሳህን እጠብላቸው፣ ቡና ጋብዛቸው። ሲቪህ ላይ አንድ መስመር ትጨምራለህ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ አታፍርም።

ሌላ ሐሳብ፣ ወተቱን ባይፈልጉልህ። ወባን አስበህ ታውቃለህ? ጤና ጣቢያ ስናየው የኖርነው የወባ ፈጣን ምርመራ ፋልሲፓረም የሚባለውን የወባ ጥገኛ የሚለየው ኤች.አር.ፒ.2 የሚባለውን ፕሮቲን በመያዝ ነበር። ጥገኛው ደግሞ ያንን ጂን እየጣለ ነው። በሽተኛው እየተንቀጠቀጠ ምርመራው ነፃ ነህ ይለዋል። ትግራይ፣ አማራና ጋምቤላ ላይ 12,572 ሰው ታይቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጥናት፣ በዚህ ምክንያት ብቻ ምርመራው 9.7 ከመቶ የፋልሲፓረም ታማሚ ሊያመልጠው እንደሚችል ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ከመቶ ካለፈ ምርመራውን ቀይሩ ነው የሚለው። ስለዚህ ሌላ ፕሮቲን፣ ለምሳሌ ኤል.ዲ.ኤች.ን በደንብ የሚይዝ ሴንሰር የሚፈልግ ሰው አለ። ይህን ጉዳይ ከአገርህ ይዘህ የምትመጣ አንተ ነህ።


የላብ አይጥ፦

አሜሪካ፣ ባዮሜዲካል ምህንድስና፣ ሁለተኛ ዓመት። አጭር እጽፋለሁ፣ ኤክስፐሪመንት እየሮጠብኝ ነው።

እዚህ የምታመለክተው ለፕሮግራሙ ነው እንጂ ለአንድ ሰው አይደለም። ብዙዎቹ ታኅሣሥ (ዲሴምበር) ላይ ይዘጋሉ። ከተቀበሉህ ክፍያህን ይሸፍናሉ፣ በረዳት አስተማሪነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት ወርሃዊ ይሰጡሃል። ጂ.አር.ኢ. የሚባለው የመግቢያ ፈተና ብዙ ቦታ ቀርቷል፣ ግን ገጹን አንብብ። የማመልከቻ ክፍያውን ጠይቀህ ማስነሳት ይቻላል። ለዲፓርትመንቱ አስተባባሪ (ለፕሮፌሰሩ አይደለም!) አገሬ ይኸ ነው፣ ደመወዜ በዶላር ይኸን ያህል ነው፣ ካርድ የለኝም ብለህ ጻፍ። እኔ ለ7 ጠይቄ 5ቱ ለቀቁልኝ። ያላስነሱትን ሁለቱን ተውኳቸው፣ አላዘንኩም።

ሳዑዲ ያለውን ካውስት የሚባል ዩኒቨርሲቲም ሞክር። ጅዳ አጠገብ ነው፣ የገባ ተማሪ ሁሉ ሙሉ ፌሎሺፕ አለው፣ ቤትም ጭምር። ታይዋንም ብዙ የኛ ልጆች አሉ፣ በተለይ ታይፔ ያለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ። ኤሌክትሮኬሚስትሪ ጠንካራ ናቸው፣ ግን የላብ ሰዓታቸው አይጣል ነው ይላሉ ያሉት።


ጣና ዳር፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ዛሬ ክፍል ስላልነበረኝ ኢሜይሉን እንደገና ጻፍኩት። በእንግሊዝኛ ነው፣ እዚህ በአማርኛ ላስቀምጠው፣ ያለ ርኅራኄ ንቀፉኝ።

የድሮው፦ "የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ከኢትዮጵያ ነኝ። በታዋቂው ላብዎ ውስጥ በባዮሴንሰር ዘርፍ ፒኤችዲ ለመማር ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ። ታታሪና ፈጣን ተማሪ ነኝ። ሙሉ ስኮላርሺፕ ቢያመቻቹልኝ..."

አዲሱ፦ "ፕሮፌሰር እገሌ፣ ባለፈው ዓመት ስላወጡት የአፕታመር ሴንሰር አንድ ጥያቄ አለኝ። የሞከራችሁት በተቀጠነ ወተት ነው። እኛ አገር ወተቱ ቅባቱ ያልወጣለት ስለሆነ ኤሌክትሮዱ ቶሎ የሚደፈን ይመስለኛል፣ ሞክራችሁት ነበር? እኔ በፖሊመር የለበሰ ግላሲ ካርቦን ላይ 2 ዓመት ሰርቻለሁ። አፍላቶክሲን ኤም1ን በአነስተኛ ወተት አምራቾች ደረጃ የመለካት ሥራ መስራት እፈልጋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት የሚከፈት የዶክትሬት ቦታ ካለ ማመልከት እሻለሁ። ሲቪዬንና የቴሲሴን አንድ ገጽ ማጠቃለያ አያይዣለሁ።"


በረዶ በግንቦት፦

አሁን ሰው ሆንክ። ሁለት ነገር ብቻ። "ይመስለኛል" ያልከውን ራስህ ሞክረህ አንድ ምስል ብታያይዝ አለቀ። ፌሪሳያናይድ (ኤሌክትሮድ መስራቱን የምንፈትሽበት ጨው) ውስጥ ንጹህ ኤሌክትሮድ፣ ከዚያ ወተት ውስጥ አስር ደቂቃ፣ ከዚያ መልሰህ ፌሪሳያናይድ። ፒኩ ሲወርድ ይታያል፣ ሁለቱን ኩርባ በአንድ ግራፍ አድርግ። ግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ለ60 ሰው አትላክ። 8 ይበቃል፣ የእያንዳንዱን ወረቀት ግን በእውነት አንብበህ።


ጣና ዳር፦

ሀሳቡ ገብቶኛል፣ ግን የኛ ፖቴንሺዮስታት ከተበላሸ 5 ወር ሆነው። መለዋወጫ ይመጣል ይባላል።


ፒፔት ያዥ፦

ሴሚስተሩ ሲዘጋ አዲስ አበባ ትመጣለህ አይደል? ቅዳሜ ላብ ክፍት ነው፣ ሰው የለም፣ አማካሪዬን አስፈቅዳለሁ። ኤሌክትሮድህን ይዘህ ና፣ የኔን አላበድርም። ወተቱን ጠዋት ከሱሉልታ ከሚያመጡት ሴትዮ እንገዛለን፣ የፓኬት አይሆንም።


ጣና ዳር፦

እመጣለሁ! ስንት ሊትር ይበቃል?


ፒፔት ያዥ፦

ግማሽ። የተረፈውን ማኪያቶ እንዳትለኝ ብቻ።